ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ያሉ አጥማጆች ስላመለጣቸው ዓሣ ሲያወሩ ክንዳቸው አይበቃቸውም። በዚያው ከተማ ፒያሳ የሚሰበሰቡት ሦስቱ ሰዎች ደግሞ በእጃቸው ስላልገባ ሸክላ ሲያወሩ ቅዳሜ አይበቃቸውም ነበር። ሸክላ ሲባል ድስትና ጀበናው አይደለም፤ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ በየሙዚቃ ቤቱ ይሸጥ የነበረው፣ በየፊቱ አንድ አንድ ዘፈን የሚይዘው ትንሹ ጥቁር ክብ ነው። ካሴት መጥቶ ሸክላን ገፋው፣ ሲዲ መጥቶ ካሴትን ገፋው። እነዚህ ሦስቱ ግን አልገፋ አሉ።

ቦታቸው አንድ ኬክ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ በስተቀኝ ያለው ጠረጴዛ ነው። ታላቃቸው አቶ ገብረየስ ናቸው። የደሴ ሰው ናቸው፤ በመንግሥት ሥራ ከአዲስ አበባ ተዛውረው ሐዋሳ ላይ ጡረታ የወጡ፣ ያላገቡ፣ ኮታቸው በሐምሌ ዝናብ እንኳ እንደተተኮሰ የሚውል። ሁለተኛው ደበሌ ነው፤ ከኬክ ቤቱ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል፤ በከተማው ውስጥ ከሁሉ የተሻለው የሸክላ ማጫወቻ የእሱ ስለሆነ በክርክሩ ዳኛ እኔ ነኝ ይላል። ሦስተኛው ብሩክ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ዘፈኖቹ በወጡበት ዘመን አልተወለደም፤ ምናልባት ለዚህም ይሆናል ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው።

ሦስቱም የሚገዙበት አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ሳይዞር አይታመንም። «ይህ ሸክላ አለኝ» ያለ ሰው ደበሌ ሱቅ ያመጣዋል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሸክላው በባለቤቱ እጅ ብቻ ይነካል፣ ሰው ሁሉ እያየ ይዞራል። ካልዞረ ወሬ ነው። በዚህ ሕግ ስንት ጉረኛ አንገቱን ደፍቶ ሄዷል።

ከሕጉ ያመለጠ አንድ ሸክላ ብቻ ነበር። ስሙ «ደጅህ ይመስክር» ይባላል። ዘፋኟ ማህሌት ዘውዱ ናት፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስሟ በየትም የለም። በ1966 ዓ.ም. አንድ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ባሳተመው የዋጋ ዝርዝር ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ሸክላውን ግን በዓይኔ በብረቱ አየሁ ያለ ሰው አልተገኘም። አቶ ገብረየስ ብቻ «እኔ ጋ አለች» ይላሉ። አምጡ ሲባሉ አያመጡም።

«እያንዳንዱ ዙር ከዕድሜዋ ይቀንሳል» ይላሉ።

በሌላ ሰው አፍ ቢሆን ይህ መልስ ያስወግዝ ነበር። አቶ ገብረየስን ግን ውሸታም ለማለት ማንም አልደፈረም፤ ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ዲላ አለ፣ ሻሸመኔ አለ፣ የአጎቴ ልጅ ጋ አለ የሚል በመጣ ቁጥር ጣታቸውን አንስተው «ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ምን ይሰማል?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ መለከት ይላል፣ ሌላው ጭብጨባ ይላል። አቶ ገብረየስ ፈገግ ብለው ማኪያቷቸውን ያማስላሉ፤ ጉዳዩም እዚያው ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ለአራት ዓመት ከመስታወቱ ኋላ የሰማች አንዲት ሴት ነበረች። የኬክ ቤቱ ካሸር ታቢታ ናት።

ታቢታ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የይርጋለም ልጅ ናት። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ሁለት ሴት ልጆቿን አስተምራ ድራለች። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ከእናቶች መዘምራን ጋር ትቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋን ግን አጠገቧ የምትቆመው ሐዳሳ እንኳ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ሰምታው አታውቅም። ስትስቅ በመዳፏ አፏን ትሸፍናለች። አስተናጋጆቹ ጥርሷ የተሰበረ ይመስላቸው ነበር። ጥርሷ ግን ሙሉ ነው፤ ነጭም ነው።

ማህሌት ዘውዱ እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ታይፕ ልትማር አዲስ አበባ አክስቷ ቤት ገባች። አንድ ሠርግ ላይ ሴቶቹ ገፋፍተዋት ዘፈነች፤ እዚያ የነበረ አንድ ባለሙዚቃ ቤት ሰማት። «ታቢታ የዘፋኝ ስም አይደለም» ብሎ ሌላ ስም አወጣላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አስገቧት፤ ኦርጋኑ፣ ጊታሩ፣ ሳክስፎኑ፣ ድራሙ፣ እሷም ጭምር፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነበር የሚቀረጹት። አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ይደግማል። ሁለተኛውን ስንኝ ጨርሳ ትንፋሽ ስትወስድ ድራም መቺው የሚመታበት ዘንግ ከእጁ አመለጠና ከፊቱ የቆመውን ሳክስፎን ነፊ ጀርባውን መታው። ሳክስፎኑ እንደተረገጠች ድመት ጮኸ። ታቢታ ሳቀች፤ መሳቅ ብቻ አይደለም፣ ተንፈቀፈቀች። እንድገመው ሲሉ የክፍሉ ሰዓት አልቆ ነበር። «እንዳለ ይሂድ» አለ ባለሙዚቃ ቤቱ፣ ፊቱን አጥቁሮ።

ከወራት በኋላ ሸክላዋን ልትጠይቅ ሄደች። ሰውዬው ቀና ብሎም አላያት። «ወጥቶ ነበር። ሰው ገዝቶ መለሰው። በሳቅሽ አበላሸሽው፤ ደግሞም ድምፅሽ ያን ያህል አይደለም» አላት። እሷም እንዳለ ዋጠችው። ይርጋለም ተመለሰች፣ ለማንም ሳትናገር ኖረች። አንድ ቃል ሰውን ስንት ዓመት ዝም ሊያሰኘው እንደሚችል ያልደረሰበት አያውቀውም። ሸክላውን እሷ ራሷ አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። ዓለማዊ ዘፈን ትታ ወንጌል ከተቀበለች ወዲህ እንኳ፣ ኃጢአት ይሁን አይሁን እያሰላሰለች፣ አንዲት ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፦ አንድ ጊዜ ሰምታው፣ እውነት አበላሽታው እንደሆነ ማወቅ። ሌላ ምንም አትፈልግም።

ስለዚህ ያን ጠረጴዛ በምን ሆድ ትሰማው እንደነበር መገመት አይከብድም።

በ1999 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ የአስፋልቱን ዳር ወንዝ ባደረገበት አንድ ቅዳሜ፣ ብሩክ እየተንጠባጠበ ገባ።

«ተገኘ! ዲላ አንድ ሰውዬ ጋ ተገኘ!»

«ጠየቅኸው?» አሉ አቶ ገብረየስ።

«በስልክ ጠየቅሁት። የሰማይ ነጎድጓድ ይሰማል አለ።»

«ዲላ ዘንቦ ይሆናል» አሉ አቶ ገብረየስ። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች።

ደበሌ ግን አልሳቀም። ያን ዕለት ጠዋት ከአንድ ደንበኛ ጋር ተጣልቶ ስለነበር አፉ መራራ ነው። «ጋሼ፣ እኔ የምለውን ልንገርዎት? ይህቺ ሸክላ የጠፋችው ብርቅ ስለሆነች አይደለም። የሚገዛት ስለጠፋ ነው። ልጅቷ ድምፅ ቢኖራት ኖሮ እስከ ዛሬ በየቤቱ አናገኛትም ነበር? ፍየል ስትጮህ ማን ይገዛል?»

አቶ ገብረየስ ሲኒውን በኃይል አስቀመጡት። ሰው ሁሉ ዞረ። «ደበሌ፣ እኔን የፈለግኸውን በለኝ። ያቺን ልጅ ግን አትንካት። አልሰማሃትም።»

«ታዲያ ያሰሙና! ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ምኑ ነው የሚሰማው?»

«ትስቃለች» አለች ታቢታ።

እሷ ራሷ ደነገጠች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመለስ ነገር የለም። የአንድ ደንበኛ መልስ ብር በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ገብረየስ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ትስቃለች አልኩ። ድራም መቺው ዘንጉ አምልጦት የሳክስፎን ነፊውን ጀርባ ሲመታው... ትስቃለች።»

አቶ ገብረየስ ደማቸው ከፊታቸው ሸሸ። መልሱ ትክክል እንደሆነ ለማወቅ እሳቸውን ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

አሁን ማንም ጤነኛ ሰው ቢሆን «ይህቺ ሴት ዘፋኟን ታውቃታለች» ይል ነበር። ወይም ዕድሜዋን ቆጥሮ ከዚያም በላይ ይጠረጥር ነበር። ሸክላ ሰብሳቢ ግን ጤነኛ አይደለም። ደበሌ ከወንበሩ ዘሎ «ሸክላዋ አንቺ ጋ ናት!» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ጋ የለም።»

«አየኸው?» አለው ለብሩክ፣ ዓይኑ እየበራ። «የሌለው ሰው አለኝ ይላል። ያለው ሰው ነው የለኝም የሚለው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታቢታ ዕረፍት አጣች። ብሩክ በየማለዳው «እትዬ ታቢታ፣ አሥራ አንድ ሸክላ ሰጥቼዎት ልለውጥዎት» ይላታል። ደበሌ ያልተበላሸ ሬዲዮዋን አስገድዶ ጠገነው፤ ሲያመጣላት ሳሎኗ ውስጥ ቆሞ ዓይኑ አልጋው ሥር ይንከራተት ነበር። «እታለም፣ ሌላው ቢቀር ከእርጥበት ጠብቂያት፣ ደግሞ አታጋድሚያት፣ አቁሚያት» ብሏት ሄደ። በሩን ከዘጋች በኋላ አፏን ይዛ እስክትደክም ሳቀች። እሷ እኮ የሌላት ብቻ ሳይሆን ሰምታው እንኳ የማታውቅ ሰው ናት።

አቶ ገብረየስ ግን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሳይመጡ ቀሩ። ደበሌ «ብቻዬን አለኝ ሲሉ ኖረው ሁለተኛ ተገኘባቸው፤ ይህ ነገር ይገድላቸዋል» አለ። ታቢታ ጸጸታት። የሰውዬውን ብቸኛ ደስታ የነጠቀቻቸው መሰላት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ኬክ ቤቱ ገና ወንበር ሳያወርድ መጡ። በኮታቸው ሥር በነጠላ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ቀጥ ብለው መስታወቱ ጋ ቆሙ።

«ወይዘሮ ታቢታ፣ ሳቁ ሸክላው ላይ አለ።»

«እሺ» አለች።

«ሳክስፎኑ ሲጮህም አለ። የነፊው ጀርባ ግን የለም፤ ዘንጉም የለም። ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ልጅቷ ምን እንዳሳቃት አላውቅም ነበር። ያንን ሊያውቅ የሚችል እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ሴት ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ ነበረች።»

ታቢታ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። ሠላሳ ሦስት ዓመት የደበቀችውን እኚህ ሰው በአንድ ጀርባ አገኙት።

«ስሙን ባለሙዚቃ ቤቱ ነው ያወጣልኝ» አለች በመጨረሻ።

አቶ ገብረየስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንደ ልጅ ግራ ገባቸው። «ምን ላድርግልዎት? ምን ልበል? የሚፈልጉትን ይንገሩኝ ብቻ።»

«ብሰማው» አለች። «ሰምቼው አላውቅም።»

አቶ ገብረየስ የጨርቁን ጥቅል ከኮታቸው ሥር አወጡ።

«በሳቅሽ አበላሸሽው ተብያለሁ፤ እውነት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። አበላሽቼውም ከሆነ ልወቀው። ከዚያ በኋላ አላስቸግርዎትም።»

ደበሌ ሱቁን ገና እየከፈተ ነበር፤ ብሩክም አልጠፋም። አቶ ገብረየስ ማን እንደሆነች በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሯቸው። ደበሌ ፍየል ያለው ትዝ ብሎት ወደ መሣሪያው ዞሮ አቧራ የሌለበትን ማጫወቻ ይጠርግ ጀመር። በሩ እንደ ሕጉ ተዘጋ። አቶ ገብረየስ ጨርቁን ፈትተው ሸክላውን በሁለት መዳፋቸው ጫፉን ይዘው አወጡት፤ ከዚያ ሕጉ የማይፈቅደውን አደረጉ፣ ለታቢታ ሰጧት።

ማጫወቻው ላይ አስቀመጠችው። ደበሌ መርፌውን ቀስ ብሎ አወረደላት።

መጀመሪያ የመርፌው የሽሽሽ ድምፅ መጣ። ከዚያ ኦርጋኑ፣ ከዚያ ሳክስፎኑ፣ ከዚያ ልጅቷ። ታቢታ የጠበቀችው የሚያሳፍር ነገር ነበር። እንደ መምህር ጆሮዋን ጥላ፣ ስህተት እየለቀመች ሰማች። አንድ ቦታ ልጅቷ ወረደች፤ ያዘችባት። ሌላ ቦታ ትንፋሽ አጠራት፤ ያዘችባት። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ልጅቷ «ደጅህ ይመስክር፣ ስንቴ እንደቆምኩኝ» ብላ ድምፅዋን ስታነሣው፣ ታቢታ መልቀሙን ረሳች። ያ ድምፅ ያምር ነበር። ያምር ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ ሳክስፎኑ ጮኸ፣ ልጅቷም ሳቀች፤ ሙዚቀኞቹም እየሳቁ መሆን አለበት ሦስተኛውን ስንኝ ይዘውት የሮጡት፣ ከቅድሙ ይልቅ ደስ ብሏቸው ነበር። ዘፈኑ ከዚያ ወዲያ ነው ዘፈን የሆነው። አቶ ገብረየስ ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ይከተሉ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያፈቀሯት ልጅ አጠገባቸው ቆማ ሊያዩዋት የደፈሩ አይመስሉም።

መርፌው ተነሣ።

«እታለም» አለ ደበሌ፣ «አፌ ይቆረጥ።»

ታቢታ አልሰማችውም። «አልተበላሸም» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ አቶ ገብረየስ ዞረች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር። «ታዲያ ሰዉ ለምን መለሰው?»

አቶ ገብረየስ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «የመለሰው የለም» አሉ። «ማንም አልሰማውም። ሸክላው ውጭ አገር ታትሞ በካርቶን ጉምሩክ ሲደርስ አብዮቱ ፈነዳ። ባለሙዚቃ ቤቱ ሊያወጣው አልመጣም። አሥራ ሁለት ካርቶን ሁለት ዓመት ሙሉ መጋዘን ተቀመጠ። ከዚያ የማያስፈልጉ ዕቃዎች አስወጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ እዚያ መጋዘን ወጣት ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግቢው ውስጥ ሲቃጠል ቆሜ አይቻለሁ፤ ፊርማዬም አለበት። አንዷን ከኮቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። አንዷ እንደቀረች እርግጠኛ የሆንኩት ለዚህ ነው። እዚህ አምጥቼ ያላዞርኳትም ለዚህ ነው፤ ከየት አገኘሃት ብትሉኝ ምን እላለሁ?» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ለእርስዎ የተነገረዎት ውሸት ነው፣ ወይዘሮ ታቢታ። አልተጠሉም። አልተሰሙም እንጂ አልተጠሉም።»

ታቢታ ቆማ ዓመታቱን በሆዷ አንድ በአንድ አለፈቻቸው፤ ያልዘፈነችባቸውን ሠርጎች፣ እሹሩሩ ሳትል ያስተኛቻቸውን ሁለት ልጆቿን፣ ከንፈሯን ብቻ ያንቀሳቀሰችባቸውን እሑዶች። ተናደደች። እንዲህ ተናዳ አታውቅም። ንዴቷ ግን እፊቷ በተቀመጡት ሽማግሌ ላይ አላርፍ አለ፤ ሸክላዋን ከእሳት ያወጧት እሳቸው ናቸው። ሌላ የሚያርፍበትም አላገኘም።

«ድገመው» አለችው ደበሌን። «ከፍ አድርገው። በሩንም ክፈተው።»

ደበሌ አቶ ገብረየስን አየ። በሩ ተከፍቶ ሸክላ አይዞርም፤ አቧራ አለ፣ እርጥበት አለ፣ ደግሞ በአንድ ቀን ሁለቴ!

«ምን ታየኛለህ?» አሉ አቶ ገብረየስ። «ክፈት ስትልህ ክፈት።»

በሩ ተከፈተ። ዝናቡ አባርቶ ፒያሳ በቅዳሜ ሰው ተሞልታ ነበር። ሐዳሳም ብትሆን፣ ሌላ የቤተ ክርስቲያን ሰውም ቢሆን ሊያልፍ እንደሚችል ታቢታ አሰበች፤ እግዚአብሔር የሚያውቀውን ጎረቤት ቢያውቀው ምን ይመጣል አለች በልቧ። ዘፈኑ ወደ መንገዱ ወጣ። ሱቁ ደጃፍ ወደ ገበያ የምትሄድ አንዲት ሴት ዘንቢሏን አስቀምጣ ቆመች። ሁለት ተማሪዎች ቆሙ። አንድ ባለባጃጅ ፍሬን ይዞ አንገቱን አወጣ።

«ደበሌ! ማናት ይህቺ? ሰምቻት አላውቅም።»

ደበሌም፣ ብሩክም፣ አቶ ገብረየስም ወደ ታቢታ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለች ታቢታ።

«ኧረ ባክዎት እማማ!» አለ ባለባጃጁ እየሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ተወው። ኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ እንሂድ ሲለው «ቆይ፣ ትጨርስ» ብሎ ሞተሩን አጠፋ።